የሆጤ ቅሬና የመርከቡ ሴቶች

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በሆጤ ሰፈራችን እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀበረው በአንድ ቅሬ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው እኔ ነኝ። ስነፋ ወንዱ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። ከቀብር ለመቅረት የሚያበቃው ወይ መታመም፣ ወይ ሌላ ቀብር ላይ መዋል ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ያለ ምክንያት የቀረ ከቅሬው ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው የማንንም መቃብር አይቆፍርም፤ እኛ እንደምናውቀው ደግሞ ከሰውየው ጋር ቤቱም ይሰረዛል፣ ቀባሪ ያጣል።

በ1979 ዓ.ም. እንድሪስ የሚባለውን ጎረቤታችንን፣ ኮምቦልቻ የእርዳታ መኪና የሚጠግነውን መካኒክ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ኖርዌይ ላከው። እዚያ ሳለ ጎረቤቱ ብሩ ሞተ። እንድሪስ በቦታው የሚቆፍር ሰው አልወከለም ነበር። ሲመለስ የቅሬው ዳኛ ጋሼ ደጉ ቀበሌ አዳራሽ አስጠሩት። እናቱ ከሪማ አልጋ ይዘው ነበርና እንድሪስ የመጣው ፊቱ አመድ መስሎ ነው።

“ታመህ ነበር?” አሉት።

“አልታመምኩም፣ ጋሼ ደጉ። ቀብር ላይ ነበርኩ።”

“የማን?”

“የሁለት ሴቶች። ከሞቱ ሺህ ዓመት አልፏቸዋል።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። እንድሪስ ቀልድ ቢነግሩት ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እንደነገረን፣ የኖርዌይ አስተናጋጆቹ በዕረፍት ቀን ሙዚየም ወስደውት ኖሯል። በነጭ ግድግዳ መሀል አንድ ጥቁር የእንጨት መርከብ ቆሟል። ሴቶቹ የተቀበሩት በእሱ ውስጥ ነው፤ ጋሪ፣ አልጋ፣ ድስት፣ የሽመና ዕቃ፣ የታረዱ ፈረሶችም አብረዋቸው። “ሰዎቹስ የት አሉ?” ቢል፣ አጥንታቸው መርከቡ ተቆፍሮ ከወጣበት የአፈር ጉብታ ውስጥ ተመልሶ ተቀብሯል አሉት። ወደዚያም ወሰዱት። በእርሻ መሀል ያለ፣ ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። አንዷ እመቤት፣ አንዷ አገልጋይ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የሁለቱንም ስም የሚያውቅ የለም አሉት። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሱ ተንበርክኮ አፈር ዘግኖ በተነ፣ ዱዓም አደረገ። አንደኛው አስተናጋጅ ቁልፍ የጠፋበት መስሎት አብሮት ሣሩን ይዳብስ ጀመር።

“እስላም ናቸው?” አሉ የሰፈራችን ሼህ ዘይኑልአቢዲን።

“አይደሉም። ክርስቲያንም አይደሉም።”

“ታዲያ ዱዓውን ለማን አደረግኸው?”

“ወላሂ፣ ስም ለሌለው ሰው ነው።”

ወሎ ነውና ሰዉ በነገሩ እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ከልብ ተከራከረ። በመጨረሻ ጋሼ ደጉ ፈረዱ።

“መርከብ ሙሉ ዕቃ፣ ጉብታ የሚከምር አገር ሙሉ ሰው! እነሱ ቀባሪ አልጎደላቸውም። ለብሩ ግን በዚያ የክረምት ጭቃ በአንተ ቦታ የቆፈረለት ሽማግሌ ነው። ተሰርዘሃል።”

“እናቴስ?”

“ስብሰባው አብቅቷል።”

ያን ቀን ጋሼ ደጉን ጠላኋቸው።

በሳምንቱ ከሪማ ሞቱ። ጡሩምባዬን ይዤ ደጃፌ ላይ ልንፋ አልንፋ ስል፣ ጋሼ ደጉ አካፋቸውን ተሸክመው መጡ።

“ምን ትጠብቃለህ? ንፋ እንጂ!”

“ቤቱ ተሰርዞ የለ?”

“የሰረዝነው እሱን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ለቅሶ ንፍሮ ሲቀቅሉ የኖሩትን ሴትዮ ማን ሰረዛቸው?”

ነፋሁ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

መቃብሩ ቦታ ላይ እንድሪስ አካፋ ሊያነሳ ሲል ጋሼ ደጉ እጁን ያዙት። “አንተ ዳር ቁም። ደንብ ነው።” በገዛ እናቱ መቃብር! እንድሪስ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ።

ያን ጊዜ የብሩ ሚስት አትጠገብ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ሴት በማይደርስበት በወንዶቹ መሀል ሰንጥቃ ገባች።

“የብሩ ባለቤት እኔ ነኝ” አለች። “የተበደልኩትም እኔ ነኝ። ስጡት፣ ይቆፍር።”

ጋሼ ደጉ የራሳቸውን አካፋ ለእንድሪስ አቀበሉት። እሷም ወደ እሱ ዞራ፣ “አብሽር፣ ወንድሜ። የብሩንም ጨምረህ ቆፍር” አለችው።

እንድሪስ እያለቀሰ ቆፈረ። ላግዝህ ያለውን ሁሉ በእጁ እየመለሰ ብቻውን ጨረሰው።