የሙሀባ ጥላ በተሰማ ጫማ

መሪጌታ ዘውዴ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ በውሃ ጠብ ላይ ዳኛ ሆነው ሲመረጡ ሰው ሁሉ የተስማማባቸው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው፣ በዚያ ቆላ አንድ ስንዝር መሬት ስለሌላቸው ለማንም አያደሉም፤ ሁለተኛው፣ የቁጥር ሊቅ ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ነበር። የሁለተኛውን ልክ ግን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጣሊያን ደጋ ያለውን ደብራቸውን ካቃጠለ ወዲህ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደው፣ በአንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ባሕረ ሐሳብንም ጠንቅቀው ይዘዋል፤ የጾሙን መግቢያና የትንሣኤን ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ያወጣሉ። በዐቢይ ጾም ጥላቸውን በእግራቸው ሰፍረው የቅዳሴውን ሰዓት ይለያሉ። ይሁን እንጂ ሁሉንም የያዙት መምህራቸው በልጅነታቸው እንዳስያዟቸው ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ የጠየቃቸውም የለም። ዜማን በፍቅር ያዙት፤ ቁጥርን በትእዛዝ።

ጠቡ እንዲህ ነበር። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በተራ ያጠጣል። የሙሀባ ተራ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ፣ የቆመ ሰው የጠዋት ረጅም ጥላ አጥሮ፣ በእግር ሲሰፈር ሰባት ጫማ እስኪሆን ነው፤ ከዚያ ውሃው ወደ ጎረቤቷ ወደ ተሰማ ማሳ ይዞራል። ሙሀባ ባሏን ባለፈው ዓመት ንዳድ የነጠቃት፣ ቁመቷ አጭር፣ አንደበቷ ያልታሰረ ሴት ናት፤ ንብረቷም አንዲት ጠባብ የበርበሬ ማሳ ብቻ ናት። ተሰማ ደግሞ የቤት ምሰሶ የሚያክል ሰው ነው።

ሐሙስ ዕለት በቦዩ ራስ ባለው ሾላ ሥር ሁለቱም ቆሙ።

“ውሃዬን ትሰርቀኛለች” አለ ተሰማ። “ቁማ ሳለች የጥላዋ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጬ በእግሬ ሰፈርኩት። ሰባት ሆነ ብላ ውሃውን ስትለቅልኝ፣ ጥላዋ አጥሮ አምስት ጫማ ተኩል ደርሷል። ሰባት የነበረው እኮ ድሮ ነው።”

“ሰባት ነበር። በእግሬ ነው የቆጠርኩት” አለች ሙሀባ።

“ያንቺ እግር የሕፃን እግር ነው።”

“ይኸው የሕፃን እግር አይደል እንዴ ጋሼ፣ አምና ቦዩ የተናደ ጊዜ ከእርስዎ እግር ቀድሞ የደረሰው።”

ሰው ሳቀ። ከዳር የቆመው አብዱልሃዲ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። በመንገዱ ዳር ያለው የጣሊያን ካምፕ አስተርጓሚ ነው። “ካፒቴኑ እስከ ቅዳሜ ካልተስማማችሁ ቦዩን ካምፑ ይረከበዋል ብሏል” አለ። “ተራው በጡሩምባ ይሆናል። የጠዋቱ ውሃ ደግሞ ለካምፑ አትክልት ይሄዳል።”

የጠዋቱ ውሃ ማለት የሙሀባ ውሃ ማለት ነው። በዚያ ሐሩር በርበሬዋ ያለ ውሃ ሳምንት አይቆይም።

ተራውን የሚጠብቁት የውሃ አባት፣ ሼህ ሷሊሕ፣ ወደ መሪጌታ ዞሩ። “በሉ እንግዲህ፣ አንቱ ይፍረዱልን።”

ለመሪጌታ ነገሩ ቀላል መሰላቸው። እህል በአንድ ቁና ከተሰፈረ ጥላስ በአንድ እግር ቢሰፈር ምን ይከፋል? የተሰማን ጫማ ለሁሉም መስፈሪያ ሊያደርጉ፣ ወደ እግሩ እያዩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሙሀባ ቀደመቻቸው።

“በጋሼ እግር ከሆነማ ቁመታቸውንም ያውሱኝ።”

ሰው አሁንም ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። ቃሏ እንደ እሾህ ወግቷቸው አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። “ቅዳሜ ጠዋት እፈርዳለሁ” ብለው ተነሡ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሼህ ሷሊሕ ለአስር ሰላት ሰዓቱ መድረሱን ሊያዩ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲተክሉ፣ መሪጌታ አጠገባቸው ቆመው ነበር።

“ምኑን ነው የሚያዩት?” አሉ።

“ጥላውን ነዋ። ቀትር ላይ በነበረው ላይ የከዘራው ቁመት ሲጨመርበት አስር ገባ እንላለን።”

“ከዘራው ቢሰበርና አጭር ቢቆርጡ፣ ሰላቱ ይቀድማል?”

“አይቀድምም። አባቴ በረጅም ምርኩዝ ነበር የሚያዩት። አስር ያው አስር ነው።”

“ለምን?”

“አላህ እንዲያ ስላደረገው።”

“እግዚአብሔር እንዳደረገውማ አምናለሁ። እንዴት አድርጎ እንዳደረገው ነው የጨነቀኝ።”

ሼሁ ጢማቸውን ዳበሱ። “ስድሳ ዓመት ስሰግድ ይህን አልጠየቅኩም” አሉ።

“እኔም ዛሬ ገና መጠየቄ ነው” አሉ መሪጌታ።

ዓርብ ጠዋት መሪጌታ ሦስት እንጨት ቆረጡ፤ አንዱ የጣት፣ አንዱ የክንድ፣ አንዱ የሰው ቁመት ያለው። ሜዳ ላይ አቁመዋቸው ከፀሐይ ጋር ተቀመጡ። የረጅሙ ጥላ የቁመቱን እጥፍ ሲሆን የጣቷም ጥላ የቁመቷ እጥፍ ነበር። ረጅሙ ከጥላው ጋር ሲተካከል፣ ጣቷም በዚያችው ቅጽበት ተካከለች፤ አንዱም አንዱን አልቀደመም። ፀሐይ የምትጠይቀው ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋሉ። ቁመትህ ስንት ነው አትልም፤ ጥላህ የራስህ ቁመት ስንት እጥፍ ነው ትላለች።

የቀረው የእግሩ ነገር ነበር። ያገኙትን ሰው ሁሉ መሬት ላይ እያጋደሙ ከራሱ እስከ ተረከዙ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ አስነሥተው ቁመቱን በገዛ እግሩ አሰፈሩት። ረጅሙም አጭሩም የገዛ እግሩን ስድስት ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ጥቂት ቢያልፍ አንዱ ጥቂት ቢጎድል ነው። “መሪጌታ የመቃብር ልክ መውሰድ ጀመሩ” ተብሎ እስከ ጀውሃ ተወራ። እርሳቸው አልሰሙም። ከባድ ዜማ ሲቃናላቸው ደረታቸው ውስጥ የሚሰማቸው ሙቀት፣ ከቁጥር ይመጣል ብለው ያልጠበቁት ሙቀት፣ ሞልቷቸው ነበር። ፈጣሪ ለመበለቲቱ መስፈሪያዋን ከገዛ አካሏ ጋር አብሮ ሰጥቷታል፤ ከማንም ልትዋስ አይገባትም። ይህን በእምነት ቢነግሯቸው ኖሮ ድሮም አሜን ይሉ ነበር። አሁን ግን በዓይናቸው አዩት።

ቅዳሜ ጠዋት መሪጌታ ሙሀባንና ተሰማን ጎን ለጎን አቆሟቸው። የሙሀባ ራስ ከተሰማ ደረት አያልፍም። ሼህ ሷሊሕ በየጥላቸው ጫፍ ድንጋይ እያኖሩ፣ ጥላው ባጠረ ቁጥር ድንጋዩን እያቀረቡ፣ የሙሀባ ተራ ማለቂያ እስኪደርስ ጠበቁ።

“አሁን ሁለታችሁም የየራሳችሁን ጥላ በየራሳችሁ እግር ስፈሩ” አሉ መሪጌታ።

ተረከዝ ከጣት ጫፍ እየገጠመ ተቆጠረ። ሙሀባ ሰባት አለች። ተሰማም ድንጋዩ ጋ ደርሶ ቆመ።

“ስንት ሆነ?” አሉት ሼሁ።

“ሰባት።”

“ሙሀባ፣ አሁን አንቺ የእሱን ጥላ ስፈሪ” አሉ መሪጌታ።

ሰፈረች። “ዘጠኝ።”

“እንግዲህ ተሰማ፣ ሰው የሌላውን ጥላ በገዛ እግሩ የሚሰፍር ከሆነ፣ በሙሀባ ጫማ ያንተ ጥላ ዘጠኝ ነው። ተራህ ገና አልደረሰም። የቱን ትመርጣለህ?”

ተሰማ ሁለቱን ድንጋዮች ተራ በተራ አያቸው። ጎንበስ ብሎ የገዛ እግሩን ተመለከተ። “ታዲያ ይህን እግር ልቁረጠው?”

“አይቁረጡት ጋሼ” አለች ሙሀባ። “ከኔ ጥላ ላይ ብቻ ያንሡልኝ።”

ተሰማ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። ከዚያ ሄዶ የሙሀባን ውሃ በገዛ እጁ ዘጋና ወደ ማሳው አዞረው፤ ተራዋ በሰዓቱ ማለቁ ነበር።

አብዱልሃዲ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ። “በጣሊያን ሰዓት ዘጠኝ፣ በእኛ ሦስት። ለካፒቴኑ ምን ልበለው?”

“ተስማምተዋል በለው” አሉ ሼህ ሷሊሕ። “ጡሩምባውን ለወታደሮቹ ይንፋ።”

ካምፑ ሰበብ አጣ፤ ቦዩም በባለቤቶቹ እጅ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት በሙሀባ ተራ ሁለቱ ሽማግሎች ቦዩ ዳር ተቀምጠው ነበር። መሪጌታ ድንገት፣ “ረመዳን በየዓመቱ ስንት ቀን ይቀድማል?” ብለው ጠየቁ።

“አሥራ አንድ፤ አንዳንዴ አሥር።”

መሪጌታ ቀና አሉ። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ትርፍ ቀን በሚይዘው በአበቅቴው ላይ በየዓመቱ የሚጨምሩትም አሥራ አንድ ነው። አርባ ዓመት ሲጨምሩት ከየት እንደመጣ አያውቁም ነበር። ጠጠር ለቅመው መደርደር ጀመሩ፤ የጨረቃን ዐሥራ ሁለት ወር በአንድ ረድፍ፣ የፀሐይን ዓመት በሌላ ረድፍ። ለካ በደጋው ደብር በቃል ያጠኑትና ሼሁ በየዓመቱ የሚጾሙት፣ ያችው አንዲት ጨረቃ ዓመቷን ከፀሐይ ቀድማ የምትጨርስበት አሥራ አንድ ቀን ነበር። ሼሁም ጎንበስ ብለው የጎደለውን ጠጠር ያቀብሏቸው ጀመር።

“መሪጌታ” አለች ሙሀባ ከማሳዋ ውስጥ ሆና።

አልሰሟትም።

“መሪጌታ፣ እግርዎ ቦዩ ውስጥ ነው። ውሃዬን ይዘውብኛል።”

ቁጥራቸውን ሳያቋርጡ እግራቸውን አነሡላት። ውሃው ወደ በርበሬው ሄደ።