በጥርስ የተቆለፈ ካባ

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ሲወለዱ የተጎዱ ልጆች ጠበቃ። ወንድሜ «ያንቺ ደንበኞች እኮ ጡጦ ይዘው ነው የሚመጡት!» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ! ፀጉሬ የሸበተው በዚህ ሥራ ነው፤ ዛሬም ችሎት ልገባ ስል ልቤ ድው ድው ይላል።

አንድ ልማድ አለኝ። የልጁን ጉዳይ ከመያዜ በፊት ጠዋት ቤቱ ሄጄ ሲለብስ አያለሁ። የሐኪም ወረቀት የማይነግረኝን እዚያ አገኘዋለሁ።

ሚጢጢንም ያወቅኳት እንደዚያው ነው። ስትወለድ ሐኪሞቹ ጭንቅላቷን ይዘው ሲጎትቱ የቀኝ ትከሻዋ ነርቭ ተበጠሰ፤ ክንዷ ተንጠልጥሎ ቀረ። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ቀዶ ጥገና ቢደረግላት እጇን ማንሳት ትችላለች፣ ዕድሜዋ ከገፋ ግን አይሆንም ተብሏል። እናትየው ከየት ታምጣ? የተወለደችበት ሆስፒታል ያሳክማት ብለን ከሰስን።

በመጨረሻው ክርክር ቀን ባለ ከረባቱ ተነሳ። የሆስፒታሉ ጠበቃ ነው፤ ከረባቱን ሳይነካካ ቃል አይወጣውም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጅቷ ራሷ ትለብሳለች፣ ራሷ ትበላለች፣ ትጽፋለች። ታዲያ ምኗ ነው የተጎዳው?»

ደሜ ፈላ! ምኗ ነው ይበል? ያዘጋጀሁትን ንግግር እርግፍ አድርጌ ትቼ ብድግ አልኩ። «ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ቀኝ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ካባዎን ይቆልፉልኝ!»

ምን ነካኝ? ለዳኛ እንዲህ ይባላል? እናትየው አፏን ያዘች።

ዳኛው ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ከመነጽራቸው በላይ ትክ ብለው አዩኝና ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። የላይኛውን ቁልፍ ያዙ፣ አመለጣቸው። ደግመው ያዙ፣ አሁንም አመለጣቸው።

«ኧረ እንደሱ አይደለም፣ አባባ!»

ሚጢጢ ናት! እናቷ ቀሚሷን ብትጎትት ማን ሰምቷት። እወንበራቸው ድረስ ሮጣ፣ ጎንበስ ሲሉላት የካባውን ጠርዝ በጥርሷ ነከሰች፤ በግራ ጣቶቿ ቁልፉን ሽው አድርጋ አስገባችው።

ባለ ከረባቱ ዘሎ ተነሳ። «ይኸው! ከእኛም ትበልጣለች!»

ክው አልኩ። አለቀልን! የልጅቷን ሕክምና በገዛ ምላሴ አስቀረሁት ብዬ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ።

ዳኛው ግን ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። «ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»

«ማንም። ግን ጥርሴ ሲነቃነቅ ያመኛል። ያኔ እማዬ ናት የምትቆልፍልኝ። እሷ ሥራ ከሄደች ደግሞ ትምህርት ቤት አልሄድም።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቀመጡ» አሉት ባለ ከረባቱን።

ከእረፍት ሲመለሱ ሆስፒታሉ ሙሉ የሕክምና ወጪዋን እንዲችል ፈረዱ። ካባቸውን አልፈቱትም፤ ሚጢጢ እንደቆለፈችው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ፤ አዎ፣ እኔ ጠበቃዋ! እናትየው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ከደስታዬ ብዛት ቀኝ እጄን ለሚጢጢ ዘረጋሁላት። ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ካሉ ልጆች ጋር ኖሬ! አፍሬ ልሰበስበው ስል በግራ እጇ ጣቶቼን ለቀም አደረገቻቸው።

«ቀኟን ሲሻላት ትጨብጫታለሽ፣ አክስቴ» አለችኝ። «እስከዚያ በዚችኛዋ እንሂድ።»