በግና ፍየል በአንድ ጥራዝ

«ማነው የነካው?»

«የነካውስ የለም፤ የጠገነው ነው ያለ» አሉ መሪጌታ ፍሥሐ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው።

ልጃቸው ሐረገ ወይን ግን የምታመሰግን አልመሰለችም። ከአባቷ መደብ ላይ ያገኘቻትን ትንሽ ጥራዝ በሁለት ጣቷ አነሣች፣ ገለጠች፣ መልሳ ከደነች። ጠዋት ስትወጣ የወረቀት ቁራጭ ሞልተው የተወቻቸውን ሁለት ፖስታዎች አየች። ባዶ ናቸው።

«አባ፣ ሰፉት?»

«በቀጭን መርፌ። ማን እንደቀደደብሽ አልጠይቅሽም፤ ሰው ይሳሳታል። የመንግሥት ወረቀት ተቀድዶብሽ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስትዪ ሳይሽ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው።»

«የቀደደ የለም! ራሴ ነኝ በመቀስ የቆረጥኩት! ተቆርጦ ነው የሚሠራው!»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ነካ አደረጉ። አርባ ዓመት ብራና የፋቁ፣ የጻፉ፣ የጠረዙ ሰው ናቸው። ከአርብ ገበያ ዙሪያ አልፎ ከስማዳና ከእስቴ አድባራት ሳይቀር የተበተነ መጽሐፍ በአህያ እየተጫነ ይመጣላቸዋል። የተቀደደ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የጎረቤት ጆንያ እንኳ አፉን ከፍቶ ካዩ እጃቸው መርፌ ይፈልጋል። ያልተቀደደ ነገር ሲጠግኑ ግን ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑ ነው።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሐረገ ወይን፣ ስልኳ እጇ ላይ እያለ።

«ስድስት ተኩል።»

«መኪናው ዘጠኝ ላይ ይወጣል። አለቀልኝ!»

ጩኸቱን ሰምተው አጥር የሚጋሩት ወይዘሮ ይታይሽ ከች አሉ። ሰው ታሞ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው ቢሉም፣ ሳይጠየቁ ዱካ ስበው መቀመጣቸው ሌላ ነገር ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐረገ ወይን ንፋስ መውጫ ላይ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ በየክረምቱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እየሄደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አማካሪ መምህሯ የበግንና የፍየልን ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶ ሰጥቷታል። እያንዳንዱን ቆርጣ፣ የበጉን ከፍየሉ አገጣጥማ፣ በቅጹ ላይ ለጥፋ ቅዳሜ ጠዋት ካላስረከበች መመረቋ ለመጪው ክረምት ይተላለፋል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያደርሳት መኪናም ያ ዘጠኝ ላይ የሚወጣው ብቻ ነው።

«እኔ አልገባኝም» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «ክሮሞዞም የምትይው የት ነው ያለው? ከሆድ ነው ከእግር?»

«ከሁሉም፣ እትዬ። በዓይን በማይታየው የሰውነት ክፍል ሁሉ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። ግልገል ከእናትና ካባቱ የሚወርሰው እዚያ ላይ ነው ያለው። በግ ሃያ ሰባት ዓይነት አለው፤ ፍየል ሠላሳ። እነዚህ ሰረዞች ይታዩዎታል? ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። የሰረዙ አወራረድ ተመሳሳይ የሆነውን ነው የማጋጥመው።»

«በግና ፍየል ዘመድ ናቸው ለማለት ነው ይህ ሁሉ መንገድ? እረኛ ብትጠይቂ በነፃ ይነግርሽ ነበር።»

«ዘመድነታቸውንማ ማን አጣው! እንዴት እንደተለያዩ ነው።»

«እሱንም ቢሆን በዕለተ ፍርድ በቀኝና በግራ የሚለያቸው ጌታ ነው፤ አንቺን ምን አቻኮለሽ?» አሉና ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ እሱ የሚለየውን ደባልቀው ሰፉት!»

መሪጌታ አልሳቁም። አርብ ነውና እህል በአፋቸው አልዞረም፤ ጾሙን ግን ረስተውታል። ወደ ደጅ ወጡ፣ ተመለሱ። ከሙዳያቸው ምላጭ አውጥተው ለልጃቸው ሰጡ፣ መልሰው ተቀበሏት፣ «እኔ ልፍታው» አሉ፣ ደግሞ መልሰው ሰጧት። ልጅቱን ለማስተማር ሁለት በሬ ሸጠዋል። የተሸጠው በሬ አይቆጫቸውም፤ በራሳቸው መርፌ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሊያስቀሯት መሆኑ ግን እንደ እሾህ ወጋቸው።

ሐረገ ወይን መፍታት ጀመረች። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ አንድ የበግ ቁራጭ ካንድ የፍየል ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቷል። ፈታችው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ከየቁራጩ ጀርባ በእርሳስ የበግ ነው የፍየል ነው ብላ ጽፋ ስለነበር መለየቱ አላስቸገራትም፤ ጊዜው ነው እንጂ። ሃያ አራተኛው ላይ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«የመኪናው ጥሩንባ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የባጃጅ ነው» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «ይቀመጡ እንጂ፣ ሰውየው! ምጥ የያዘው እርስዎን ነው እንዴ?»

ሃያ አምስተኛውን ቅጠል ስትገልጥ የሐረገ ወይን ምላጭ አየር ላይ ቀረ።

ሦስት ቀን ያንከራተቷት እነዚህ ናቸው። ከበጉ ሦስት ረጃጅሞች ተርፈው አቻ አጥተዋል፤ ከፍየሉ ስድስት አጫጭሮች ተርፈው እነሱም አቻ አጥተዋል። አባቷ ሁለት ሁለቱን አጭር ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ካንዱ ረጅም ጎን ሰፍተዋቸዋል። ሰረዙ ከላይ እስከ ታች፣ ጥቁሩ በጥቁር ነጩ በነጭ፣ ልክ ገጠመ።

«አባ፣ ይህን ማን ነገርዎት?»

«ምኑን?» አሉ መሪጌታ፣ ሌላ ጥፋት የተገኘ መስሏቸው።

«ሁለቱ ካንዱ እንደሚሄዱ!»

«ሰረዙ ነዋ። እኔ ረጅሙ ያልተቀደደው፣ አጫጭሮቹ የተቀደዱት መስሎኝ ነበር።»

የመጨረሻውን ገለጠች። «ይቺን ግን ገልብጠዋታል። እግሯ ላይ ነው ራሷ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር» አሉ መሪጌታ። ጠዋቱን ሙሉ ጠራራ ፀሐይ መሆኑን ወይዘሮ ይታይሽ ያውቃሉ፤ ለጎረቤት ክብር ሲሉ ግን ጣራ ጣራውን አዩ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ፈትታ የበተነቻቸው ሃያ አራቱ ጥንዶች ሁሉ ልክ ነበሩ። እንደገና ለመስፋት ደግሞ ጊዜ የለም። ወይዘሮ ይታይሽ ሮጠው ከቤታቸው የዱቄት ሙጫ በጥብጠው አመጡ፤ ሐረገ ወይን በቅጹ ላይ መለጠፍ ያዘች። መሪጌታ ሙጫ የሚባል ነገር የሰነፍ ጠራዥ ሥራ ነው እያሉ የኖሩ ስለሆኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የተገለበጠችውን አቅንተው ሰፉ።

«እንግዲህ እንዴት ሁለት የነበረ አንድ ይሆናል?» ሲሉ ወይዘሮ ይታይሽ ጠየቋቸው።

«ይሆናል እንጂ! አንዱ ደብር መጽሐፉን በአንድ ጥራዝ ይይዘዋል፤ ሌላው ያንኑ መጽሐፍ በሁለት። ቃሉ ያው ነው።»

«ታዲያ በመጀመሪያ አንድ ነበር ወይስ ሁለት?»

«ሁለቱን ብቻ አይቶ ይህ ነው የሚል ሰው ውሸታም ነው። ሲጣሉ ሦስተኛ ይጠራል። እኔ የሌላ ደብር መጽሐፍ አስመጥቼ አያለሁ፤ እሱ ከሁለቱ ወደሚመስለው አደላለሁ።»

ሐረገ ወይን ይህን አልሰማችም፤ በጥርሷ እርሳስ ነክሳ እየቆጠረች ነበር። መሪጌታ ከቦርሳዋ አፍ ብቅ ያለ ሦስተኛ ፖስታ አዩ። እንደታሸገ ነው።

«ይህስ?»

«የላም ነው፣ አባ። መምህሩ ከበግና ከፍየሉ ጋር አስተያዪው ብሎ የጨመረልኝ ነው። ለሱ ጊዜ የት አለኝ? ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።»

ዘጠኝ ሊሆን አምስት ጉዳይ ላይ ሦስቱም የገበያውን ሕዝብ እየሰነጠቁ ሮጡ። መሪጌታ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን፣ በሌላው ቦርሳውን ይዘው፣ የበግ መንጋ እየዘለሉ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ «ምን ሆኑ፣ መሪጌታ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ሐረገ ወይን በሁለት ነጋዴና በአንድ የሽምብራ ጆንያ መሐል ተሸጉጣ ተቀመጠች። መሪጌታ ቦርሳውን በመስኮት አቀበሏት።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ድንገት እንደገና ጨለመና አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«አባ! መምህሬ ይህን እንዳየ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው! በጉ ነው ሁለቱን የገጠመ ወይስ ፍየሉ ነው አንዱን የከፈለ? ምን እለዋለሁ?»

መሪጌታ ፍሥሐ ከመኪናው ጎን እየተራመዱ፣ ካቀበሏት ቦርሳ ላይ ብቅ ያለውን የታሸገ ፖስታ አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«ላም ታቅፈሽ ተቀምጠሽ» አሉ፣ «እኔን ትጠይቂኛለሽ?»