የአበራሽ ግራ እጅ

ስንዱ የተንጋደደ ነገር አይሆንላትም። ሰው ቤት ገብታ እንኳ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ዘንበል ብሎ ካየች ሳታስተካክል አትቀመጥም። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ የኮምፒውተር ጥልፍ ቤት ከከፈተች ወዲህማ ይኸው አመሏ እንጀራዋ ሆኗል።

ማክዳ ከወገዳ ይዛላት የመጣችው የሠርግ ቀሚስ ጥልፉ ገና ግማሽ ነበር። እናቷ አበራሽ የደረቱን ቀኝ በእጇ ጠልፋ ጨርሳ፣ ግራውን ሳትጀምር ታመመችና ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ሠርጉ ደግሞ ጥምቀት እንዳለፈ ነው።

«እትየ ስንዱ፣ የቀረውን ይሙሉልኝ» አለች ማክዳ፤ «የእማየን እጅ ለብሼ ነው መዳር የምፈልገው።»

ስንዱ ጥልፉን ፎቶ አንስታ ኮምፒውተር ላይ በመስመር ሳለችውና ወደ ግራ ገለበጠችው። የጥልፍ መኪናው ግን ሥዕል አያውቅም፤ የሚገባው መርፌው የት እንደሚወጋ፣ ክሩ የት እንደሚዞር ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ መኪናው ወደሚያነበው የስፌት ፋይል መቀየር አለበት። ስንዱ ከመቀየሯ በፊት፣ መቼም አመል ነውና፣ የዞረውን ሐረግ አቃናች፤ አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ የነበረውንም ቅጠል እኩል አደረገች። ፋይሉን በፍላሽ ወስዳ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከረችው። እንከን የለውም። በሥራዋ ደስ አላት።

እናትና ልጅ ሊያዩ መጡ። አበራሽ ቁራጩን ከራሷ ጥልፍ ጎን አድርጋ አስተያየችው።

«ይህስ ያምራል። የኔው ነው አጠገቡ ሰክሮ የሚንገዳገደው» አለች። «የኔን ፍችውና ልጄ፣ ሁሉንም መኪናው ይሥራው። በሠርግ ቀን ሰው ፊት አታዋርጅኝ።»

«እማየ፣ እጅሽ ከሌለበትማ ይህን ቀሚስ ምን አደርገዋለሁ?» አለች ማክዳ።

አበራሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አየችው እንጂ ልጇን አላየቻትም። አንጀት ትበላ ነበር። ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የራሷ ማቃናት መሆኑ ለስንዱ ያኔ ገባት፤ አፈረች። የአበራሽ ግራ እጅ ግን ሥራ አልፈታም፤ ጣቶቿ በገዛ ሐረጓ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር።

«እትየ አበራሽ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ» አለችና ስንዱ የኮምፒውተሩን ማውዝ ግራ እጇ ሥር አደረገችላት። «ግራውን እርስዎ ይሳሉት።»

«በግራየ እኮ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አልይዝም።»

«ምንም አይደለም፤ ብቻ ሐረጉን ይምሩት።»

መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ቅጠሉ አበጠ፤ አንዱ ሐረግ ከመንገዱ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ስንዱን እጇን በላት፤ እንዳታቃናው ጭኗ ሥር ቀበረችው። ፕሮግራሙ መስመሩን ላለስልሰው ወይ ብሎ ሲጠይቃት እምቢ አለችው፤ ሥዕሉን እንዳለ ቀየረችው። ከዚያ ቀሚሱን ፍሬሙ ላይ ወጥራ መኪናውን አስነሳች። መኪናውም የእጁን መንቀጥቀጥ አንድ ሳያስቀር ሰፋው።

አበራሽ ከቀኙ ጀምራ እስከ ግራው በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሳቋ መጣ።

«ይኸኛውስ ከወንድሙ የባሰ ሰካራም ነው» አለች። «ተደጋግፈው ይግቡ እንግዲህ። ያን መቀስ ከፊቴ አንሽልኝ።»

ማክዳ የእናቷን ሁለቱንም እጆች፣ አልታዘዝ ያለውንም ጭምር፣ አንስታ ሳመቻቸው።