አልጠፋ ያለው የፊት መብራት

ያ ፒካፕ ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ቴስተር መጀመሪያ የተሰማው እፍረት ነው። ቴስተር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለትም መፈተሻውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስለሚውል ነው። በሃያ ዓመት ሥራው አንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ ተመልሶበት አያውቅም። ያውም የታናሽ እህቱ ባል መኪና! የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉሃል ይሄ ነው።

«መቼም አትቆጣኝ» አለ አማቹ ከጋቢና እየወረደ። «ትናንትም እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው ጋ ስደርስ፣ ድርግም! ሁለቱም በአንዴ።»

ቴስተር ኮፈኑን ከፈተ። እንዳለፉት ሁለት ጊዜያት ፊውዙ ተቃጥሏል። በመጀመሪያው አምፖሎቹን ቀይሮ ነበር፣ በሁለተኛው ሪሌውንና ማብሪያውን። ሁለቱንም ጊዜ ግቢ ውስጥ አብርቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ አይቶታል፤ መኪናው ባዶውን፣ ጎማው ቀጥ ብሎ እንደቆመ። ግቢ ውስጥ ያ መብራት ጨዋ ነው። የሚባልገው መንገድ ላይ ነው።

«ጎማው ተልቋል» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ጎረቤቱ ጎሚስታው ነው። በአንድ ክሪክ ሰበብ ከቴስተር ጋር ከተኮራረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የሚያወራውም ለአማቹ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ ከቁጥሩ በላይ ነው። መሪ ስታዞር የጭቃ መከላከያውን ውስጥ ይልሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ምክሬ።»

«ጎማ የጎሚስታ ነው፣ ሽቦ የኔ ነው!» አለ ቴስተር ጮክ ብሎ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሆኖ። «ሁሉም በሙያው!»

ጎሚስታው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቴስተርም ጎማውን ዞር ብሎ አላየም። ቢያይ ሞት ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ኩራት ሰውን ስንት ነገር ያሳጣዋል!

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ፒካፑ ላይ የባልና ሚስት ቤት ሙሉ ዕቃ ተጭኗል፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍራሽ፣ ገና ያልተወለደ ሕፃን አልጋ ሳይቀር። ቁልቁለቱን ወርደው አዲሱ ቤታቸው ሊገቡ ነው። ስምንተኛ ወሯን የያዘችው እህቱ ጋቢና ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ወገቤ ተቆረጠ እኮ። ዛሬ አልጋዬ ላይ ሳልተኛ አላድርም።»

ቴስተር ሆዱ ባባ። የፊውዝ ቆርቆሮውን ቢያገላብጥ አንድም ትርፍ የለም፤ መለዋወጫ ሱቁም ተዘግቷል። እንግዲህ ያደረገውን ልንገራችሁ። ከቁራጭ ሽቦ አንዲት የመዳብ ክር መዘዘና የተቃጠለውን ፊውዝ በእሷ ጥምጥም አድርጎ መልሶ ሰካው። ሌላ ሠራተኛ እንዲህ ሲያደርግ ቢያይ በጥፊ ይለው ነበር።

«ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ በጠዋት ታመጣዋለህ» አለ አማቹን። መብራቱ ቦግ አለ። «ዛሬ በምንም አይጠፋም። እናቴን!»

ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቤት የወጣችው እናቱ ልጇን ግንባሯን ስማ ሸኘቻት። እሷ ወደ አዲሱ ቤት ነገ ነው የምትሄደው። ፒካፑ ከጠባቡ በር ለመውጣት መሪውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ አዞረ፤ ቦዩን ሲሻገር አፍንጫው ወደ ታች ዘቀዘቀ፣ ከጎማው በኩልም አንድ ነገር ጭርር አለ። ከዚያ ሄዱ።

ቴስተር መጥረጊያ አነሳ። በሩ ጋ፣ ግራው የፊት ጎማ በዞረበት ላይ፣ አንድ ቀይ ነገር አየና ጎንበስ ብሎ አነሳው። የሽቦ ልባስ ነው፤ እንደ ካሮት ልጣጭ የተፋቀ፣ አንድ ጎኑ በጎማ የጠቆረ። የፊት መብራት ሽቦ ቀለሙን ደግሞ ቴስተር ተኝቶም ያውቀዋል።

ክው አለ። ያ ትልቅ ጎማ ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ የመብራቱ ጣጣም የጀመረው ያኔ ነው! ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይወርዳል፣ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጎማው ሽቦውን ይፍቃል፣ የተላጠው ሽቦ ብረት ይነካል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ነው። አሁን ግን በእጁ በጠመጠመው መዳብ ምክንያት ፊውዙ አይቃጠልም፤ ሽቦው ነው የሚግለው። ከሽቦው አጠገብ ደግሞ የነዳጁ ቱቦ ያልፋል።

እህቱ ጋ ደወለ። ስልኳ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ራሱ የሰካላት ቻርጀር ላይ ጮኸ። አማቹ ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እየነዳህ ስልክ እንዳታነሳ ብሎ በሠርጉ ማግስት ያስማለው ማን ሆነና!

አጥሩን ዘሎ ጎሚስታው ፊት ቆመ። «ሞተርህን! በእናትህ፣ ሞተርህን! እህቴ ልትቃጠልብኝ ነው!»

ጎሚስታው በቴስተር እጅ ላይ ያለውን ቀይ ልጣጭ አየ። እንዲህ ብዬህ ነበር አላለም፤ መፍቻውን ጥሎ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ወጣ። አንዴ ረገጠው፣ እምቢ አለ። ደግሞ ረገጠው።

የቴስተር እናት ቁልቁለቱ ወለል ብሎ የሚታይበትን የኋለኛውን ግንብ ተደግፋ መንገዱን ታያለች። ጎሚስታው ለሦስተኛ ጊዜ ሲረግጥ ድምፅዋ መጣ።

«እሰይ! የኔ ልጅ፣ ና እይ እንጂ! የግራውን መታጠፊያ አለፉት፣ አልጠፋም!»

ቴስተር ከጎሚስታው ኋላ ተፈናጠጠ። ሞተሩ ተነሳ።

«እጅህ ይባረክ!» አለች እናቱ ከሞተሩ ጩኸት በላይ። «ኧረ እንዲያውም ደመቀ! ይኸው፣ እዚህ ድረስ ቦግ ብሎ ይታያል!»