ያልተነፋ ዱቄት

ቢሆነኝ የመድኃኒት መርጫውን ከጀርባው ጥሎ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ቡሬ ዙሪያ በሰው በርበሬ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው፤ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ አያውቅም። ሥራው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰለት፤ ገበታውንም ፓስታና የፉርኖ ዳቦ አስለመደው። ሆዱ ግን አንዴ ይደርቃል፣ አንዴ ይፈታል። መቀመጥም መተኛትም አቃተው።

ሚስቱ ካሰች እየጎተተች ጤና ጣቢያ አደረሰችው። የጤና መኮንኗ እሌኒ ከመረመረችው በኋላ ስለ ሥራውና ስለሚበላው ጠየቀችው።

«ሆድዎ ውስጥ የሚጠቅሙ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ» አለችው። «መርዙ እነሱንም ይጎዳል። እርስዎ ደግሞ እያስራቧቸው ነው። ምግባቸው አሰር ነው፤ የስንዴው ገለፈት፣ የባቄላው ልጣጭ፣ ጎመኑ።»

«ፉርሽካ ብላ ነው የሚሉኝ? እሱማ የላሟ ነው!»

«ላሟ ሆዷን አላመማትም።»

ካሰች ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እሱን ከበላሁ ታዲያ መርዙ አይነካኝም?»

«እንደዚያ አላልኩም። ሆድዎን ያግዘዋል፤ መርዝ መማግ ግን አያስፈቅድልዎትም።»

ቢሆነኝ ከምክሩ ይዞ የወጣው የሚስማማውን ብቻ ነበር። ካሰች ዱቄቱን ሳትነፋ ጋገረች፤ ባቄላ ከነልጣጩ ቀቀለች። በሦስተኛው ሳምንት ሆዱ ረጋ። እግሩ ግን አልረጋም፤ ከርጭቱ ቀርቶ ቤት ስለዋለ ሲነጋ ግቢውን መዞር፣ ደህናውን አጥር ማፍረስና መልሶ ማጠር ሆነ ሥራው።

አንድ ጠዋት ወልደ ገብርኤል፣ የበርበሬው ባለቤት፣ በባጃጅ መጡ።

«ፍሬውን ትል ጨረሰው። ድነሃል አሉ፤ በል ተነሣ።»

ቢሆነኝ ዘሎ መርጫውን አነሣ። ካሰች በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችው።

«አሁንማ ሆዴ ጠንክሯል» አላት።

«የእኔንስ ሆድ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ምን ሆነ?»

«መድኃኒት የጠጣ ልብስህን የማጥበው በባዶ እጄ ነው። እኔም እንዳንተው ስመላለስ ነው የከረምሁ።»

ቢሆነኝ እጆቿን አየ። ጣቶቿ መካከል ቆዳዋ ተልጧል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አላየውም። ውጭ የባጃጁ ሞተር ያጉረመርማል።

«እህ፣ አትመጣም?» አሉ ወልደ ገብርኤል።

«እመጣለሁ፣ አያ። ትሉን ግን በእጄ ነው የምለቅምልዎት።»

«በእጅ? ስንት ቀን ሊፈጅብህ!»

«የፈጀውን ይፍጅ።»

መርጫውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ያኔ ካሰች ከበሩ ዘወር አለችለት።