ይሄዳል ወይስ ይቀራል

የኮርዴል ሚስት ላትሪስ ከሞተች አስራ አንድ ሳምንት ሆኗታል።

ከተማው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፣ ይሄዳል ወይስ ይቀራል፣ ነዳጅ ማደያው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ባለፈው ሳምንት ጥርስ ሐኪሙ እንኳን አፉን አስከፍቶት፣ አንተ እኮ ግቢው ትገባለህ ኮርዴል፣ ታቫረስ ይሄዳል ወይስ ይቀራል፣ ሁለት ብረትና አንድ የሰው ጣት አፍ ውስጥ ተከትቶ ምን ተብሎ ይመለሳል፣ ኣ አለ፣ ሐኪሙም ይቀራል ማለቱ ነው ብሎ ለረዳቱ ነገራት።

ኮርዴል ሣር ነው የሚያጭደው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ የታቫረስ ፕሩትን ሣር አጭዷል፣ ሣሩ እንደ ማንኛውም የሜምፊስ ሣር ነው፣ ያድጋል፣ ይታጨዳል፣ ምንም አይናገርም። ሰውዬው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል፣ ውሉ ትናንት አልቋል፣ አሁን የማንም አይደለም፣ ከፈለገ ሎስ አንጀለስ፣ ከፈለገ ማያሚ፣ ከፈለገ እዚሁ፣ ዛሬ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን ቀርቦ ይናገራል፣ አገር ይጠብቀዋል።

ኮርዴልንም አንድ ሰው ትጠብቀዋለች፣ ይጠብቁታል፣ እትዬ ቨርሊን፣ የላትሪስ እናት፣ ከቀብሩ ጀምሮ ሳሎኑ ሶፋ ላይ የሚያድሩት። ነገ ጠዋት መኪናቸውን አስነስተው ወደ ሂውስተን ይመለሳሉ፣ ወይ ብቻቸውን ወይ ከኤመሪ ጋር። ኤመሪ አራት ዓመቷ ነው። ልጄ፣ ዛሬ ከሥራ ስትመለስ መልስህን ስጠኝ፣ አሉት ጠዋት፣ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ያቀረቡት ግብዣ ደግሞ ከማያሚው አያንስም፣ ለኤመሪ የብቻዋ መኝታ ክፍል፣ ጓሮ ከነዥዋዥዌው፣ ስድስት የአክስት ልጆች፣ አየር ማቀዝቀዣው የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ጎረቤት። ኮርዴልስ ምን አለው። ሁለት ክፍል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ከቀብሩ የተረፈ መኮሮኒ በአይብ የታጨቀ ፍሪጅ፣ አስራ አንድ ሳምንት በልተውት አላለቀም፣ የሜምፊስ ሴቶች ሐዘን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚታያቸው መኮሮኒ ነው።

ቀስ ብለህ ንዳ አንተ ልጅ፣ ሸሚዜ ይጨማደዳል፣ ይላል ጋሽ ሆዚያ ከጎኑ።

ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ሸሚዝ ተኩሶ ሣር ሊያጭድ ሲመጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ምክንያቱም ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ጋሽ ሆዚያ የሣር ሠራተኛ አይደለም፣ ከታማኝ ምንጮች አንዱ ነው፣ ሬዲዮው እንደዚያ ነው የሚጠራው። ሐሙስ ዕለት ታቫረስ ግቢ አበባ ተከሉ፣ ከበሩ እስከ ቤቱ፣ ግራና ቀኝ፣ ቀይና ነጭ፣ ከዚያ ጋሽ ሆዚያ በር ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ መግለጫ ሰጠ፣ ሊሄድ ያሰበ ሰው አበባ አያስተክልም፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ አለና ሌላ ሃያ ደቂቃ አለ። ያን ቀን ከተማው አበደ፣ ጎድን ጠብሶ የሚሸጠው ሰውዬ ሻይ በነፃ አደለ፣ የመኪናው ጡሩምባ እስኪመሽ አላባራም። አበባውን ያዘዘው ግን ታቫረስ አይደለም። አንዲት ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ሴት ናት፣ ቤት አሻሻጭ፣ ሣሩ ላይ እየሰጠመች ፎቶ ስታነሳ ነበር። አበባ የሚተከለው ቤት ሊሸጥ ሲል ነው፣ ይሄን ሣር የነካ ሁሉ ያውቃል፣ ጋሽ ሆዚያም ያውቃል፣ ግን ታቫረስን ይወደዋል።

በሩ ጋ ሕዝቡ ወንበር ዘርግቷል። ጥላ የያዘች ሴት መስኮቱን ታንኳኳለች፣ ወንድምዬ፣ ለመስከረም የሚዘራውን የሣር ዘር አዟል እንዴ፣ አላዘዘም እመቤቴ፣ ዘር የሚታዘዘው፣ አላዘዘም አለ፣ ትላለች ወደ ኋላዋ ዞራ፣ ወዬው ይላል ሕዝቡ፣ ዘር የሚታዘዘው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው ይላል ኮርዴል፣ ማን ሊሰማው፣ አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሆዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ ይወርዳል። ወገኖቼ፣ ረጋ በሉ፣ ጉዳዩን በቅርብ እየተከታተልኩት ነው።

ላትሪስ ብትኖር የታቫረስን ሻንጣ ራሷ ታወጣለት ነበር። አንድ ጨዋታ አምልጧት አያውቅም፣ አንድ ጨዋታ ላይ ደስ ብሏት አያውቅም፣ ኳስ ሲነጠቅ ቆሞ ዳኛ ያያል፣ ሌላው ሮጦ ያገባል፣ ተመለስና ተከላከል አንተ ሰውዬ፣ ተመለስ፣ እያለች ትጮህበታለች፣ ኤመሪ ከእማማ ቀጥሎ የተናገረችው ቃል ተመለስ ነው። ሆስፒታልም። በመጨረሻው ሳምንት፣ ድምፅዋ አልቆ፣ ተመለስ፣ ተመለስ ስትል ነርሷ ኮርዴልን ከኮሪደሩ ሮጣ ጠራችው፣ እየጠራችህ ነው፣ ቶሎ፣ ገባ፣ ላትሪስ እሱን ቀና ብላ አየችው፣ ዞር በል ቴሌቪዥኑን ጋረድከው፣ አለችው። ይሄን ለማን ይነግራል። ሰው ይስቃል። ይሳቅበት፣ ያስቃል እኮ።

ማጨጃውን ገና ሳያስነሳ ታቫረስ ይወጣል። ደረጃውን በጎን ነው የሚወርደው፣ አንድ እግር፣ እረፍት፣ ሌላ እግር፣ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ በረዶ በላስቲክ ታስሯል፣ ውሃው ካልሲው ውስጥ እየገባ። በዚህ ጉልበት ነው ሦስት ከተማ የሚጣላው።

ሰላም ነው ወንድሜ፣ ና እስኪ አንድ ነገር ላሳይህ።

ፊት ለፊት ሲጠራው አቶ ፕሩት ነው፣ ከበሩ ውጭ ግን ታቫረስ። ሰላም ነው አቶ ፕሩት፣ ይከተለዋል፣ ቤቱ ጀርባ፣ በለስ ዛፉ ጋ፣ እናቱ ከሚሲሲፒ በቡና ቆርቆሮ ያመጣችው በለስ፣ አሁን ጣሪያውን አልፏል። ይሄን ዛሬ ነቅለህ መኪና ላይ ልትጭንልኝ ትችላለህ፣ ይላል ታቫረስ። አለቀ በቃ። ይሄዳል። ወይም ይሄድ እንደሆነ ዛፉን ነው የሚጠይቀው። አይቻልም አቶ ፕሩት። ለምን። ሙቀት ነው፣ ቅጠሉ ሙሉ ነው፣ ፍሬ ይዟል፣ አሁን ከተነቀለ ይሞታል። ብዙ ውሃ ብናጠጣውስ። ቢጠጣም። ከፍሎሪዳ ባለሙያ ባስመጣስ። ባለሙያው እያየው ይሞታል። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይተኛል፣ ያኔ ቢነቀልም አያውቀውም።

ልጅ ግን ዛፍ አይደለችም። ማን ጠየቀህ። ልጅ እግር አላት፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ሂውስተን ስትደርስ ትነቃለች፣ ዥዋዥዌ አለ፣ ዝም በል አሁን፣ ሥራ ላይ ነህ።

ታቫረስ ለመቀመጥ ይነሳል፣ ማለትም ይጀምራል፣ መጀመሪያ አንድ እጅ ግንዱ ላይ፣ ከዚያ ሌላው መሬት ላይ፣ በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ይደርሳል። እማዬ አልሄድም አለች፣ ይላል፣ ሎስ አንጀለስ ማን በስሜ ይጠራኛል አለች፣ ዛፉን ግን ውሰድ አለች። አንተ ብትሆን የት ትሄዳለህ። ይሄን ሁሉንም ሰው ጠይቋል፣ ገንዳ አጣቢውን፣ ፖስተኛዋን፣ ፒዛ ያመጣውን። ሎስ አንጀለስ ዋንጫ ይበላሉ፣ እኔ ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የማጨበጭበው፣ ማያሚ በየሳምንቱ ሆድህን ቆንጥጠው ስብህን ይለካሉ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማንም እንዲቆነጥጠኝ አልፈልግም፣ እዚህ እንሸነፋለን፣ ግን እጫወታለሁ፣ እናቴም እዚሁ ናት።

ሚስቴ ሂድ ትልዎት ነበር፣ ይላል ኮርዴል፣ ከየት እንደወጣ አያውቅም።

ለምን።

ኳስ ሲነጠቁ አይመለሱም ነው የምትለው። ቆመው ዳኛ ያያሉ።

ታቫረስ በረዶውን ይነካል። ጉልበቴ ውስጥ የቀረ ልም አጥንት የለም በላት።

ሞታለች።

ወፍ ይሰማል። ከፊት ለፊት የጋሽ ሆዚያ ማሽን። ታቫረስ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ይጠፋዋል፣ ጉልበቱ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ በመጨረሻ አንዱን ኮርዴል ትከሻ ላይ ያሳርፋል፣ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ይከብዳል። አዝናለሁ ወንድሜ፣ መቼ፣ አስራ አንድ ሳምንት፣ ልጅ አላችሁ፣ አንዲት፣ አራት ዓመቷ። እግዜር ያጽናህ። አሜን። ከዚያ ታቫረስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እውነት አይመለስም ትል ነበር፣ በየጨዋታው፣ ሁሉንም ታይ ነበር፣ ሁሉንም። የዛሬ ሁለት ዓመት ከዴንቨር ጋር ግን ተመልሻለሁ፣ ከኋላ ደርሼ ነው ኳሷን ያወጣኋት፣ ያቺንስ አይታለች። አይታለች። ምን አለች። አንዴ፣ አለች።

ታቫረስ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ኮርዴል ጉድ አደረግኩት ብሎ ሲደነግጥ እጁን ያነሳል፣ እየሳቀ ነው።

ሲወጡ ሕዝቡ መኪናውን ይከባል፣ ምን አለህ፣ ምን አለህ። ስለ ዛፍ ጠየቀኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው። መስቀለኛው ሳይደርሱ ሬዲዮው ዛፎቹን እያስነቀለ ነው ይላል፣ ሁለተኛው መብራት ላይ ዛፎቹ አርባ ሆነዋል፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ተንታኝ አርባ ዛፍ በሎስ አንጀለስ ውሃ ይጸድቃል ወይ የሚለውን እየተነተነ ነው። ጋሽ ሆዚያ ሬዲዮውን ያጠፋል። ዞር ይላል። ጋሼ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ። ላብ ነው፣ መንገድህን እይ።

ቤት። የኤመሪ ቢጫ ትንሽ ሻንጣ በሩ ጋ ቆማለች፣ ተዘግታ፣ እትዬ ቨርሊን ሶፋው ላይ ኤመሪን በጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው ፀጉሯን ያበጥራሉ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል። መኪና ውስጥ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ መግቢያ ነበረው፣ ስለ ትምህርት ቤት አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። የለም።

እንዴት ዋልክ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን። እህ፣ ወሰንክ። ትቅር። የት ትቅር። እዚህ። ከማን ጋር። ከእኔ ጋር።

ጎህ ሲቀድ ነው የምትወጣው፣ ማን ይቀሰቅሳታል። እኔ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምገባው፣ ለጋሽ ሆዚያ ነግሬዋለሁ። አልነገረውም፣ ይነግረዋል። ምን ታበላታለህ። መኮሮኒ አለ። እትዬ ቨርሊን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይሄን ባትል ይሻል ነበር። እናቷን አሁን ነው ያጣችው፣ ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል፣ አልጋዋን ደግሞ አታጣም፣ እኔንም። ለገና እንመጣለን። እርግጠኛ ነህ። አይደለሁም። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ነው እንዴ ልጅ የሚያሳድገው። እሱስ መቼ እርግጠኛ ነው፣ ይላል ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከተ። እሱ ዘጠኝ መታጠቢያ ቤት አለው፣ ይላሉ እትዬ ቨርሊን።

ማበጠሪያው ቆሟል። እኔም ልጄን ነው የቀበርኳት፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ ለኤመሪ ፀጉር እንጂ ለእሱ አይደለም። አውቃለሁ እማማ። እማማ ብሏቸው አያውቅም፣ ሁልጊዜ እትዬ ነው። ቀና ብለው ያዩታል፣ ብዙ ያዩታል።

ና ቁጭ በል። የት። እዚህ፣ እኔ ያለሁበት። ይነሳሉ፣ ይቀመጣል፣ ፀጉሯን ሦስት ቦታ ክፈለው፣ ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ የቀኙን በመሐሉ ላይ፣ የግራውን በመሐሉ ላይ፣ ቀስ፣ ሣር አይደለም። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ፀጉሩ ያንሸራትታል፣ አባዬ ያምማል፣ ይቅርታ የኔ እናት፣ አያምማትም ቀጥል፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ ማበጠሪያ ሳይነካት ነበር የምታለቅሰው።

አስራ አንድ ሰዓት። ታቫረስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይታያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ መንገዱ ይፈነዳል፣ ጡሩምባ፣ ድስት፣ የሰው ጩኸት፣ የደስታ ይሁን የንዴት ሜምፊስ ውስጥ አይለይም፣ እትዬ ቨርሊን ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይነዝራል፣ ጋሽ ሆዚያ ነው፣ ያቆማል፣ እንደገና፣ እንዴት ያንሳው፣ ሦስት ዘለላ በሁለት እጅ ይዟል፣ አንዱን ከለቀቀ ሁሉም ይፈታል፣ የቀኙ በመሐሉ፣ የግራው በመሐሉ፣ አባዬ ማነው የሚጮኸው፣ ሰዎች ናቸው፣ ለምን፣ አትንቀሳቀሺ፣ የቀኙ በመሐሉ፣ ትንሽ ተጣሟል፣ ይጣመም፣ ጫፉ ደረሰ፣ ላስቲክ፣ ላስቲኩ የታለ፣ ኤመሪ ከእጅ አንጓዋ አውልቃ ወደ ኋላ ታቀብለዋለች።

ሦስት ጊዜ አዙሮ አሰረው።